አያ ጉርጤ የተቀመጠበት ግድግዳ

አንድ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል አሻንጉሊት ሰፊ ትኖር ነበር። ባል አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም። ሰው ይህን እያነሳ ሲያወራባት ከርሞ በኋላ ራሱ ሰልችቶት ተወው። የራሷ ልጅ ባይኖራትም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከደጇ አይጠፋም ነበር፤ ያውም ፊቱን ሳይታጠብ የሚመጣ አለ። የሚመጡት ግን ለእሷ ብለው አልነበረም። ለአያ ጉርጤ ብለው ነው።

አያ ጉርጤ ከአሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ የተሰፋ ጉርጥ ነው። ሆዱ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ፣ ዓይኖቹ ከድሮ ካፖርት የተነቀሉ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ናቸው። አንደኛው ቁልፍ ከሌላው ከፍ ብሎ ስለተሰፋ ሁልጊዜ ነገር የሚጠራጠር ይመስላል። ደብሪቱ እጇን ከትታ አፉን ስትከፍተው በጎርናና ድምፅ ያወራል። አያ ጉርጤ ይፈራል፣ ይርበዋል፣ አንዳንዴም ይዋሻል፤ ሲዋሽ ደግሞ ሁልጊዜ ይያዛል። ልጆቹ በእሱ እየሳቁ እናት አባት መቶ ጊዜ ነግሮ ያልሰሙትን ከእሱ አንድ ጊዜ ይሰማሉ።

መጀመሪያ የተሰፋው ግን ለሳቅ አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ክረምት የሆድ በሽታ ገብቶ ሰባት ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀበሩ። በከተማዋ ዙሪያ ምንጩም ኩሬውም ሞልቷል፤ የትኛው ደህና የትኛው ጠንቅ እንደሆነ ግን ልጅ አያውቅም። ጤና ጣቢያው በየውሃው ዳር የማስጠንቀቂያ ወረቀት ለጠፈ። ልጅ ማንበብ አይችል፣ ወረቀቱንም ዝናብ አጠበው። ያን ጊዜ ነው ደብሪቱ መጋረጃዋን ቀዳ ጉርጡን የሰፋችው። ከዚያም የጤና ጣቢያዋ ነርስ አስመርምራ ደህና ነው ባለችው ምንጭ ሁሉ፣ ድንጋዩ ላይ አያ ጉርጤን በአረንጓዴ ቀለም ሳለችው። ለልጆቹ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። አያ ጉርጤ የተቀመጠበትን ጠጡ፣ የሌለበትን እለፉ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ልጆቹ ቀለም በቆርቆሮ ይዘው፣ ብሩሽ ተሻምተው፣ ክረምት ያደበዘዘውን ሥዕል ለማደስ ከእሷ ጋር ይዞራሉ። ይህ ዙር ሕግ አለው። ብሩሽ ቀለም ሳይነካ ደብሪቱ ጎንበስ ትልና በእፍኟ ቀድታ ትጠጣለች። ከጠጣች በኋላ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ልጆቹም ከብበዋት ፊቷን እያዩ እስከ መቶ ይቆጥራሉ። ትንንሾቹ ከሃያ ዘለው ሃምሳ ይገባሉ፣ ትልልቆቹ ይቆጧቸዋል፣ ከመጀመሪያ ይጀመራል። መቶ ሲሞላ ደብሪቱ በአያ ጉርጤ ድምፅ «ተስማማኝ» ትላለች። ሥዕሉ የሚሳለው ያኔ ነው። ነርሷ ያስመረመረችው ውሃ ስለሆነ የደብሪቱ መጠጣት ለልጆቹ ዓይን ብቻ ነበር፤ ቢሆንም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳትጠጣ ስላ አታውቅም። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት በውሃ የሞተ ልጅ አልነበረም።

ከልጆቹ ሁሉ ለደብሪቱ የምትቀርባት የጎረቤቷ የሽታዬ ልጅ ትርሲት ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። አያ ጉርጤ ሲናገር ከመሐል ሆና «ቋ፣ ቋ» እያለች የምትመልስለት እሷ ናት። ድምፅዋ ቀጭንና ንጹሕ ስለሆነ ሁለቱ ሲቀባበሉ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ይሰማል። የአያ ጉርጤ ታናሽ እህት ብለው ስም ያወጡላት ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው።

ደብሪቱን የሚያሳስባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝናብ። ክረምት ሲገባ ልጆቹ ይበተናሉ፤ የእሷ ቤት አሥር ልጅ አይዝም። አንድ ጣራ ያለው ሰፊ አዳራሽ ቢኖራት ብላ ቀበሌ ሄደች፣ ዕድሩን ጠየቀች። ሁሉም ጥሩ ሐሳብ ነው አሏት፤ ጥሩ ሐሳብ እንደሆነም ቀረ።

በከተማዋ ግርጌ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ አጥናፉ የሚባል ነጋዴ ነው። ሳሙናው ያነጻል፣ ውሸት አይወራም፤ ግን የአጣቢዎቹን እጅ ይልጣል፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ የገባበት የወንዙ ክፍልም ዓሣ ከተለየው ቆይቷል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ከለመዱት ግን ማን ያነሳዋል። አጥናፉን የነካው ሌላ ነው። ከሌላ ከተማ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ «ለወንዝ ተስማሚ» የሚል ሳሙና መጣና ገበያውን ያዘበት። አጥናፉ አሰበ። የሳሙናውን አፈላል ልለውጥ ቢል ድካሙ ብዙ ነው። ማሸጊያውን ልለውጥ ቢል ግን የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ቅጠል ደግሞ ሌላው ቀድሞታል። ከቅጠል የሚበልጥ ምን አለ ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ አንድ ቀን በመኪናው መስኮት ልጆቹን ከደብሪቱ ደጅ ተኮልኩለው አያቸው።

በማግስቱ ቤቷ መጣ። ያ ግዙፍ ሰውዬ በትንሿ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። ስለ ሳሙና አልጀመረም። ስለ ዝናብ ጀመረ። ልጆቹ ክረምት ክረምት የት ነው የሚሰበሰቡት ብሎ ጠየቃት፤ የሚያሳክካትን ቦታ ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። አዳራሽ ላሠራ፣ ቆርቆሮውም ሚስማሩም የእኔ ነው አለ። እሱ የሚፈልገው ሥዕሉን ብቻ ነው። አያ ጉርጤ በሳሙናው ላይ ቢቀመጥ ልጆች እጃቸውን መታጠብ ይወዳሉ፤ ይኼ ደግሞ የእሷም ሥራ አይደለም ወይ አላት።

ደብሪቱ ሞኝ አልነበረችም። «ሳሙናው ወንዙን ይጎዳል ይባላል፤ አያ ጉርጤን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አላስቀምጥም» አለችው።

«ድሮ ነው እሱ። አሁን ተለውጧል። ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ፣ እትዬ ደብሪቱ» አላት።

ሄደች። የአጥናፉ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ተቀምጧል። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ውስጡ አንዲት ሕያው ጉርጥ እግሯን ዘርግታ ትዋኛለች። «ይኸው፣ ውሃችን ይህ ነው። ጉርጥ መጥፎ ውሃ ውስጥ እንደማትኖር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም» አላት። ደብሪቱ ጉርጧን አይታ ሆዷ ራራ። እጇም እንደ ልማዱ ወደ ማሰሮው ተዘረጋ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲቀዳ የኖረ እጅ ነው። አጥናፉ ሳቀ። እንግዳ እኔ ቤት መጥቶ ጉርጥ የዋኘችበት ውሃ ይጠጣል እንዴ፣ ሰው ምን ይለኛል አለና የቢሮውን ተላላኪ ልጅ ጠርቶ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣላት። ደብሪቱም በራሷ ሳቀችና እጇን መለሰች። ለስላሳውን ጠጣች። ውሃው ከየት እንደተቀዳ አልጠየቀችም። ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

አዳራሹ መሠራት ጀመረ። የቆርቆሮ ሚስማር ሲመታ ድምፁ ለደብሪቱ ሙዚቃ ነበር፤ ወጥ ትታ ወጥታ ታያለች። በዚያው ሳምንት ሽታዬ ከወንዝ ስትመለስ የታጠበ ልብስ በራሷ ተሸክማ ደጇ ላይ ቆመች። እጇን ዘርግታ አሳየቻት፤ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ተልጧል።

«አንቺ፣ ሳሙናው ያው ነው» አለቻት። «ወረቀቱ ነው የተለወጠው። ደግሞ ልንገርሽ፣ ከፋብሪካው በታች የጉርጥ ድምፅ ከሰማን ስንት ጊዜያችን። ያንቺ ጉርጥ ወረቀት ላይ ወጣና እነዚያ ዝም አሉ።»

ደብሪቱ የተላጡትን ጣቶች አየች። ቀና ስትል ግን የጣራው ሦስተኛ ቆርቆሮ ሲሰቀል አየች። የድሮው ሳሙና ተርፎ ይሆናል፣ በዓይኔ ያየሁት ጉርጥ አለ አለቻት። ሽታዬ ልብሷን እንደተሸከመች ሄደች። በሰፈሩ ግን እትዬ ደብሪቱ በጣራ ተሸነፈች ተባለ። ወሬው እሷም ጆሮ ደረሰ፤ ቅናት ነው ብላ አለፈችው።

ሳሙናው እንደ ጉድ ተሸጠ። ልጆቹ ሌላ ሳሙና ቤት ከገባ ያለቅሳሉ። ማሸጊያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ደብተር ይለብጡበታል፤ መስኮት ላይ የለጠፈም አለ። አጥናፉ ይህን ሲያይ ሠዓሊ ቀጠረና ወደ ወንዙ የዞረውን የፋብሪካውን የጀርባ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አያ ጉርጤን አስሳለበት። ሁለት ፎቅ የሚያህል ጉርጥ ነው። ከሥሩ በትልቁ «ወንዛችንን እንወዳለን» ተብሎ ተጻፈ። ከጽሑፉ ሥር የፋብሪካው ቱቦ አለ፤ ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ወንዙን ከመቀላቀሉ በፊት የሚጠራቀምባት ትንሽ ኩሬም አለች።

በምረቃው ቀን ደብሪቱን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። መጋረጃው ሲገለጥ ልጆቹ በጭብጨባ አበዱ፤ ትርሲት «ቋ፣ ቋ» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። ደብሪቱ ግን መጀመሪያ ያየችው ዓይኖቹን ነው። ሠዓሊው አስተካክሏቸዋል። ሁለቱም እኩል ናቸው። ያ የሚጠራጠር አመለካከቱ ጠፍቷል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚያምን ጉርጥ ሆኗል። ከዚያም ከሥሩ ያለችውን ኩሬ አየች። ማንም ጎንበስ ብሎ አልቀመሰም፣ ማንም እስከ መቶ አልቆጠረም። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አደረገች። አጥናፉ በድምፅ ማጉያው አዳራሹ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል ብሎ ተናገረ፣ ሰውም አጨበጨበ። እሷም አብራ አጨበጨበች።

ግንቦት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፋብሪካው በየአሥራ አምስት ቀኑ ኬሚካል የሚቀላቅልባቸውን በርሜሎች አጥቦ የሚደፋበት ቀን ነበር፤ ያ ውሃ ደግሞ አይደፈርስም፣ ቀለምም የለውም፤ ላየው ሰው ከምንጭ አይለይም። ትርሲት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በወንዙ ዳር ስትጫወት ቆይታ ውሃ ጠማት። ልጅቷ ባለጌ አልነበረችም። የተማረችውን የምታውቅ ልጅ ነበረች። ወንዙን አልነካችም፤ አያ ጉርጤ የለበትማ። በመንገዳቸው አንድ ኩሬ ነበር፤ እሱንም አለፈችው። ጓደኞቿ በኋላ እንደተናገሩት፣ «ቆይ፣ የአያ ጉርጤ ውሃ እዚያ አለ» ብላ ራሷ ናት የመራቻቸው። ከትልቁ ጉርጥ ሥር ተንበርክካ በእፍኟ ቀዳችና ቀድማ ጠጣች። ቀድሞ መጠጣትንም ከደብሪቱ ነው ያየችው። ሁለቱ ጓደኞቿ ፊቷን እያዩ መቁጠር ጀመሩ። አሥር እንኳ አልደረሱም።

ቆጠራው ሁለቱን ልጆች አዳናቸው። ትርሲትን ግን ጉሮሮዋን አቃጠላት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት። ሽታዬ አልጋ ሥር ሰሌን ዘርግታ አንድ ወር ከዐሥር ቀን ተኛች። ደብሪቱ ስትሄድ ሽታዬ አልሰደበቻትም፣ አልገፋቻትም፤ ወንበር ሰጠቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ልጅቷ ዳነች። መብላትም መጠጣትም ቻለች። ያ ቀጭን ድምፅዋ ግን ሄደ፤ በምትኩ የሻከረ፣ የተሰነጠቀ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ቀረላት።

ደብሪቱ ከሆስፒታል እንደተመለሰች ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ አጥናፉ ቢሮ ሄደች። ማሰሮው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ ጉርጧም ትዋኛለች።

አጥናፉ ማዘኑን ተናገረ፣ እኔም የልጅ አባት ነኝ አለ። ከዚያ ግን ወደ ራሱ ነገር ተመለሰ። ግድግዳው ላይ ጠጡ የሚል ጽሑፍ የለም፤ የተጻፈው ወንዛችንን እንወዳለን ነው፤ መውደድ ደግሞ ወንጀል አይደለም አላት።

«ልጅቷ ማንበብ አትችልም» አለች ደብሪቱ። «እሷ የምታነበው ጉርጡን ነው። ይህን እያወቁ ነው እሱን ያስሳሉት።»

«እንግዲህ ወላጅ ልጁን ይጠብቅ።»

ደብሪቱ ማሰሮውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ይህ ውሃችሁ ከሆነ፣ አንድ ጉንጭ ይቅመሱልኝ» አለችው።

«የፈለግሽውን ያህል እጠጣለሁ፤ ይኼማ ከላይኛው ምንጭ የተቀዳ ነው» አለ አጥናፉ፤ አንቱታው ከአፉ ወድቋል። «በኛ ውሃ ጉርጥ ይኖራል እንዴ? ውሸት መስሎሽ ከሆነ ለምን አልጠየቅሽኝም? ከየት ተቀዳ ብለሽ አልጠየቅሽም። ለስላሳሽን ጠጥተሽ፣ ፈርመሽ ሄድሽ። ጣራውንም እስካሁን አልመለስሽም።»

ደብሪቱ ማሰሮውን አየችው። የላይኛው ምንጭ የራሷ ምንጭ ነው፤ አያ ጉርጤን መጀመሪያ የሳለችበት ድንጋይ ያለው እዚያ ነው። የቀመሰችውን ውሃ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ ላልቀመሰችው አስፈርሟታል። ሰውዬው ግን የተናገረው እውነት ነው፤ አልጠየቀችም።

ከዚያ ወጥታ ባልዲና ኖራ ይዛ ወደ ግድግዳው ወረደች። ሠራተኞቹ በመስኮት ያዩዋታል፣ የሚያስቆማት አልነበረም። ጥበቃው መሰላል ይዞ መጣና ያዘላት፤ ከትርሲት ጋር ከነበሩት ልጆች አንዷ የእሱ ነበረች። ደብሪቱ ከዓይኖቹ ጀምራ ለበጠችው። እስከ ማታ ግድግዳው ነጭ ሆነ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን በየመስኮቱ፣ በየደብተሩ፣ በየልብስ መታጠቢያው ጠርዝ አያ ጉርጤ እኩል በሆኑ ዓይኖቹ እያየ ይስቅላታል። ይህን ሁሉ በምን ኖራ ትለብጠዋለች? ነርሷ መጥታ፣ የምንጮቹ ላይ ያሉት ይቆዩ እንጂ፣ እነሱ እውነት ናቸው አለቻት። ደብሪቱ ተቀምጣ ስታስበው ዋለች። ልጅ አንዱን ጉርጥ ከሌላው ጉርጥ በምን ይለየዋል? በእውነተኛው ቢያምን በውሸተኛውም ያምናል። አንዱን ለማጥፋት ሁለቱም መጥፋት ነበረባቸው።

በአዲሱ አዳራሽ የመጀመሪያው ስብሰባ ይህ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ስትመኘው የኖረችው ድምፅ ነው። ሰማንያ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደብሪቱ አያ ጉርጤን አጥልቃ ወጣች፣ አፉን ከፈተችው፣ ጎርናናው ድምፅ ግን አልመጣላትም። በራሷ ድምፅ ተናገረች። ከዛሬ ጀምሮ አያ ጉርጤን ያያችሁበትን ውሃ አትጠጡ አለች። የትም ብታዩት።

አንድ ልጅ «አያ ጉርጤ ሞቷል ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልሞተም፤ ዋሽቷል» አለች።

ልጆቹ አልደነገጡም፤ አያ ጉርጤ በተረቱ ሁሉ ይዋሻል፣ ይያዛልም። ይኼኛው ውሸት ግን ያስያዘው እሱን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ከኋላ ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ትርሲት ተነሳች። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ ስትናገር ሰማንያው ልጅ ዘወር ብሎ አያት።

«እትዬ፣ አያ ጉርጤ ጨርቅ አይደል? እሱ ነው የዋሸው ወይስ አንቺ ነሽ?»

ደብሪቱ አሻንጉሊቱን ከእጇ አወለቀችው። «እኔ ነኝ» አለች።

መስከረም ጠባ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆች ብሩሽ የሚሻሙበት ቀን ደረሰ። ደብሪቱ በዚያ ቀን ብቻዋን በሽቦ ብሩሽ ከምንጭ ምንጭ እየዞረች ሥዕሎቿን ፋቀች። የተከተላት ልጅ አልነበረም፤ እናቶች አልላኩም፤ ልጆቹም ራሳቸው ደስ አላላቸውም። አሁን በከተማዋ እናት ልጇን ይዛ ካልሄደች ልጅ ብቻውን ውሃ አይነካም። ይዛው መሄድ የማትችል እናት ልጅ ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል። ከአዳራሹ ስብሰባ በኋላ በዚያው ክረምት ሁለት ልጆች በሆድ በሽታ ተኝተዋል፤ እግዜር ይመስገን ተነሡ።

መጨረሻ የላይኛው ምንጭ ደረሰች። ድንጋዩን ፍቃ ስትጨርስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ትርሲት ነበረች፤ እናቷ ራቅ ብላ ቆማለች። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ትርሲት ፊት ለፊቷ ቆማ በሻከረ ድምፅዋ መቁጠር ጀመረች። ሆስፒታል ተኝታ ነርሶቹ ስላስተማሯት አሁን አንድም አትዘልም። አንድ፣ ሁለት እያለች መቶ ደረሰች። ደብሪቱ በእፍኟ ቀድታ ዘረጋችላት።

ትርሲት እጁን አየችው። የደብሪቱን ፊት አየች። «ነገ እመጣለሁ» አለች። «ነገ ካላመመሽ እጠጣለሁ።»

ውሃው በደብሪቱ ጣቶች መሐል ተንጠባጥቦ አለቀ።

በማግስቱ ማለዳ ደብሪቱ ቀድማ ሄዳ ተቀመጠች። ልጅቷ መጣች፣ ቀረብ ብላ ዓይኗን አገላብጣ መረመረቻት፣ ምላስሽን አውጪ አለቻት። ደብሪቱ ምላሷን አወጣች። ያኔ ትርሲት ግማሽ እፍኝ ጠጣች። ሦስት ልጆች ከዛፉ ሥር ሆነው የሚያዩት ደብሪቱን ሳይሆን ትርሲትን ነበር። ደብሪቱ ዛሬም በየማለዳው እዚያ ምንጭ ሄዳ ትጠጣለች፣ ትቀመጣለችም። አንዳንድ ቀን አንድ ልጅ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን የሚመጣ የለም። ሥዕል ግን ዳግመኛ አልሳለችም። አጥናፉም ሳሙናውን አልተወም፤ አሁን ማሸጊያው ላይ ያለችው አንዲት ቢጫ ጫጩት ናት፣ ልጆቹም ሊወዷት ጀምረዋል አሉ።

ይህን ታሪክ የሰማችሁ ሁሉ አንድ ነገር ያዙ። ልጅ አያነብም፤ የሚያነበው የሚወደውን ፊት ነው። ያን ፊት ቆሻሻ ላይ የለጠፈ ሰው ቆሻሻውን አላጸዳም፤ የልጁን መጠንቀቅ ነው የወሰደበት። ፊቱን ያበደረው ሰውም ክፉ አሳብ አልነበረኝም ቢል አይድንም፤ ደብሪቱም ጣራ እንጂ ክፉ ነገር አልፈለገችም። ስማችሁንና የምትወደዱበትን ነገር ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት ውሃው ከየት ተቀዳ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ ቢቀርብላችሁም ውሃውን አስቀድሙ። አንድ ጊዜ የተሰበረ የልጅ እምነት በግማሽ እፍኝ፣ በግማሽ እፍኝ ነው የሚመለሰው፤ ሁሉም አይመለስም።

አሁን ቤታችሁ ገብታችሁ ልጃችሁ የሚወደው ፊት የት የት ላይ እንደተለጠፈ ቁጠሩ። ከሥሩ ያለውን ውሃ ማን ቀምሶታል?